የክርስትና ስምህን ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት

ውድ ወንድሜ ይርዳው፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስ ፖስታ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። «እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ፤ የት እንዳለህ ሳላውቅ እንደምን ሰነበትህ ማለት ሹፈት መሰለኝ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጥፋቴ ልግባ። ሳላስፈቅድህ የክርስትና ስምህን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ለሞተ ሰው። የፊታችን እሁድ መምሬ ካሳው ያንን ስም በአርባ ቀኑ ጸሎት ላይ፣ በምእመናን ሁሉ ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠሩታል። እማዬ እስካሁን አታውቅም። ዛሬ ረቡዕ ነው። ለእሷ የምናገርበት ወኔ እስካገኝ መጀመሪያ ለባለቤቱ ልናዘዝ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ስሙን እዚህም አልጽፈውም። እማዬ ከሕፃንነታችን ጀምራ እንዳስጠነቀቀችን፣ የክርስትና ስም ክፉ ሰው ጆሮ ከገባ ይደገምበታል። ያንተን ከእሷ፣ ካጠመቁህ ከመምሬና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔም ያወቅሁት አንተ ኩፍኝ ይዞህ በተኛህ ጊዜ መምሬ ጸሎት ሲያደርሱልህ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰምቼ ነው። «ሰማሁ» ብዬ ስነግርህ ጆሮዬን ጎትተህ በማርያም አስማልኸኝ። መሐላዬን እስከ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ድረስ ጠብቄ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ አምና መስከረም፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በምንመለስበት መንገድ ላይ ነው። አንተ አሥራ ሁለተኛ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። የፊዚክስ መምህራችሁ ስለ ከዋክብት ያስተማራችሁ ቀን ነበር። ደብተርህን ብብትህ ሥር ሸጉጠህ ድንገት ቆምክ።

«አንተ ፈንታሁን፣ ከሌላ ኮከብ አንድ ፍጡር ቢመጣ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት እጅ ያለው፣ ከእኔና ካንተ የማይለይ፣ ሰው ይባላል?»

«በምን መጣ?»

«በእግሩ! በምን እንደመጣ አንተ ምን አገባህ? ይባላል ወይስ አይባልም?»

«ከአዳም ካልተወለደ ሰው አይደለም።»

«የአዳም ልጅ መሆንህን አንተስ በምን ታስረዳለህ? ወረቀት አለህ?»

«አንተ ጋ የለም እንጂ እኔ ጋማ አለ» ስልህ በደብተርህ አናቴን አልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መንገድ የክርክር መንገድ ሆነ። ይናገራል? በቀቀንም ይናገራል። ይስቃል? የጉና ጭላዳ ዝንጀሮም ጥርሱን ያሳያል። ከእኛ ሴት ልጅ ቢያገባና ቢወልድስ? ብለህ የባዮሎጂ መጽሐፍ አምጥተህ አነበብክልኝ። እኔም መምሬን ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። «ከኮከብ የመጣ ቢኖር ያጠምቁታል?» ስላቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ። «የዚህን አገር ሰው ረቡዕና ዓርብ ማስጾም አቅቶኝ፣ የኮከቡን ልጨምር?» አሉ። አንተ ደግሞ፣ «የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበራችን ጓድ ምትኩ እንደሆነ ሰው ነው ይለዋል፤ መታወቂያ ያወጣለትና ስብሰባ ያስገባዋል» አልክ። ያን ቀን በሳቅ ብዛት ውኃ ጠማን።

አንድ ጊዜ ግን አልሳቅክም። «እሺ ሰው አይደለም እንበል፤ ደጃችን ላይ ቢሞት ምን ታደርገዋለህ?» አልከኝ። «እንስሳ ሲሞት የሚደረገውን ነዋ፣ ገደል መጣል» አልኩህ። ቀና ብለህ ሳታየኝ ቀደምከኝ። እስከ ቤት አላናገርከኝም። ያን ንግግሬን ከዚያ በኋላ ሳስበው የኖርኩ ይመስልህ ይሆናል። አላሰብኩትም። ረስቼው ነበር።

በጥቅምት አክስታችንን ጥሩወርቅን ልንጠይቅ ሐሙሲት ወረድን። ገበያው መሀል ወታደሮች መውጫውን ሁሉ ሲዘጉት እጄን ይዘህ ነበር። የእኔን ቁመት አይቶ አንዱ ወታደር በሰደፉ ገፍቶ አስወጣኝ፤ አንተን ወደ መኪናው። «ተማሪ ነኝ» ስትል፣ «እዚያም ትማራለህ» አለህ። እጅህን መጀመሪያ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ሰደፉ ደረቴን ሲነካኝ ለቀቅሁ። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም።

በግንቦት ሙላቴ መጣ። ካንተ ጋር አብሮ የታፈሰው የሐሙሲቱ ልጅ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። እማዬ ውኃ ሰጥታው፣ እግሩን አጥባው፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሽሬ ላይ፣ አንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ወድቀህ ማየቱን ነገራት።

«ሬሳውን አየኸው?»

«ሲወድቅ ነው ያየሁት እናቴ።»

«ማን ቀበረው?»

«ማን ይቀብራል? ሩጫ ነበር። አገሩ አገራችን አይደል፣ ቋንቋው ቋንቋችን አይደል።»

«እንግዲያማ አልሞተም» አለች። «የወደቀ ይነሣል።»

ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ መለሰችው። መምሬ ፍትሐት ያድርሱ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «በሕይወት ያለ ልጄን ስም ከሙታን ጋር የጠራ፣ እሱን አያድርገኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ያንተን ሞት የሚያነሣ የለም። ድርሻህ ሌማቱ ላይ ይቀመጣል፤ ሲያድር እኔ እበላዋለሁ። እኔ ግን ሙላቴን አምኜዋለሁ ይርዳው። ሰባት ወር ሙሉ ብቻዬን ሳምነው ኖርኩ። ልቅሶ ሲመጣብኝ ወደ ታችኛው እርሻ ወርጄ ካቡ ሥር እቀመጣለሁ።

ያንን ሰው ያገኘሁት እዚያ ካብ ሥር ነው።

ከጉና በኩል ሁለት ቀን ሙሉ መድፍ ሲያጓራ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ዝም ሲል በሬዎቹን ልይ ብዬ ወረድኩ። ካቡን ተደግፎ ተቀምጧል። ጠጉሩ የጎፈረ፣ ቁምጣ የለበሰ፣ የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ፣ ዕድሜው ካንተ የማይበልጥ። መሣሪያ አልያዘም። ሆዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይወርዳል። ካቡን ሳላልፍ ቆሜ «ሰው ነህ?» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። እሱም መለሰልኝ፣ ግን አልገባኝም። ደጋግሞ የሚላት አንዲት ቃል ግን ገባችኝ። «ማይ።» ቅዳሴ ላይ የምንሰማት የግእዟ ውኃ ናት።

ከጅረቱ በቅል ቀድቼ መጣሁ። መጣሁና ልሰጠው ስል ቆምኩ። «ሽሬ ነበርክ?» አልኩት። ዓይኑ ሲበራ አየሁ። «ሽረ! ሽረ!» አለና ብዙ ተናገረ፣ እጁን እያወዛወዘ። ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚያ ተዋግቻለሁ ብሎኝ ይሆናል። እዚያ ተወልጄ፣ እናቴ እዚያ አለች ብሎኝም ይሆናል። እጁን ወደ ቅሉ ዘረጋ። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ይኼንንም ለማንም አልነገርኩም። ውኃ ይዤ፣ ውኃ የሚለምን ሰው ፊት ወደ ኋላ ሄድኩ። ሙላቴ ያያት ሸለቆ ፊቴ ላይ ድቅን ብላ ነበር። ይኼ ሰው እዚያ ማዶ ቆሞ ያነጣጠረ መሰለኝ። ደግሞ ሰው መምሰሉ ይበልጥ አናደደኝ። አውሬ ቢመስል ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እጁን መለሰው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገርህ። ቁምጣው ተበላሽቶ ነበር፤ ሆዱ ከተመታ ወዲህ ራሱን መቆጣጠር አልቻለም መሰለኝ። እኔ ቆሜ ሳየው እሱም አየው። አጠገቡ ካለው እምቧጮ ቅጠል እየነጨ ጭኑ ላይ ያለብስ ጀመር። ቅጠሉ ይወድቃል፣ እንደገና ይነጫል። ሊሞት ደቂቃ የቀረው ሰው! ሸፍኖ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ካቡ አዞረ።

ስንት ነገር ቆጥረን ነበር አንተና እኔ በዚያ መንገድ? መናገር፣ መሳቅ፣ መውለድ። እፍረትን አንድ ቀን አልቆጠርናትም።

ካቡን ዘልዬ ተንበረከክሁና አጠጣሁት። ግማሹ በአገጩ ፈሰሰ። ጋቢዬን አውልቄ አለበስኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ፀሐይዋ ካቡን ሳታልፍ ዐረፈ። እስኪያርፍ ድረስ ቀስ እያለ ያወራኝ ነበር። እኔም «እሺ፣ እሺ» እል ነበር። ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱ ስሙ ይሆናል። ነግሮኝ ይሆናል። ከቀረው ለይቼ ማውጣት ነው ያልቻልኩት።

ሰው ተሰበሰበ። ጓድ ምትኩ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«ማንም እንዳይነካው! ነገ ካድሬው ከከተማ መጥቶ ያየዋል። ይቆጠራል።»

«እዚህ ሊያድር? ጅብ የለም እንዴ አያ ምትኩ?» አለች ጎረቤታችን ጌጤ።

«ጅቡም የድርሻውን ይውሰድ።»

እማዬ ሰዉን ከፍላ ወደ ፊት መጣች። ጎንበስ ብላ አየችውና ዓይኑን በመዳፏ ከደነችለት። «ሰው እኮ ነው» አለች።

«ሰው መስሎሽ ነው ብዙነሽ! ሰው ይመስላሉ እንጂ ሰው አይደሉም። ደግሞ አንች ከሁሉ ቀድመሽ ልትረግሚው ሲገባ! ልጅሽን የገደሉት እነዚህ አይደሉም?»

«የኔ ልጅ አልሞተም። ላልሞተ ልጅ ገዳይ አልፈልግለትም።»

እማዬም መግነዣ ላምጣ ብላ ወደ ቤት ወጣች። እሷ ዳገቱን ስትጨርስ መምሬ ካሳው ከወዲያ በኩል ደረሱ። መጀመሪያ ያዩት አንገቱን ነው።

«ማዕተብ የለውም» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔስ ምን አልኩ መምሬ? እግዚአብሔር የለም የሚሉ ናቸው።»

«እናንተ ስብሰባ ላይስ አለ ይባላል?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ምትኩ ዞር ሲል ሁሉም መሬት መሬት አየ። «እሱ ሌላ ነው» አለ ምትኩ። «ለማንኛውም ጉድጓድ ቆፍሮ እንደ ውሻ መድፈን የሚፈልግ ካለ፣ ካድሬው ካየው በኋላ ይድፈነው። ቤተ ክርስቲያን ግን አይገባም። ክርስቲያን መሆኑን የሚመሰክር ካለ ይውጣ!»

መምሬ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ልጆቼ፣ የክርስትና ስሙን የሰማ አለ? ያለ ስም ምን ብዬ ልፍታው? ነፍሰ ገብርከ፣ የባሪያህን ነፍስ፣ ብዬ ማንን ልጥራ? ስም ከሌለ ከግቢው ውጪ፣ ያለ ጸሎት ነው የሚቀበር። እኔም ከዚህ ማለፍ አልችልም።»

ማንም ወደ ፊት አልወጣም። እኔ የማየው ሟቹን አልነበረም ይርዳው። አንተን ነው የማየው። ከዚያ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ከበውህ፣ አንዱ ሽማግሌ «ስሙን የሰማ አለ?» ሲል። ለእነሱ አንተ ከኮከብ የመጣህ ነህ። የምትናገረው አይገባቸውም። ያገራቸውን ልጆች ልትገድል የመጣህ ነህ። ማዕተብህን አይተው ይሆን? ወይስ ልብስህን ብቻ?

«እኔ ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ነገረህ?» አሉ መምሬ።

«ነግሮኛል።» ቀረብ አልኩና ስምህን በጆሯቸው ተናገርኩ።

መምሬ ቀና ብለው አዩኝ። በዚያው ስም ጭንቅላትህ ላይ ውኃ ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል ቢናገሩ እኔም ያ ሰውዬም አለቀልን።

«በምን ቋንቋ ነገረህ?» አለ ምትኩ ከኋላዬ። «ትግርኛ ከመቼ ጀምሮ ነው የቻልከው አንተ?»

«ስም በየትኛውም ቋንቋ ስም ነው።»

«መምሬ፣ ይኼ ልጅ እየዋሸ ነው!»

መምሬ ከእኔ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «የተነገረኝ የክርስቲያን ስም ነው» አሉ። «የማውቀው ስም ነው። ይኼን ስም ሰምቼ ሳልፈታ ባድር የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ነገ ካድሬው ሲመጣ እኔ ምን ላሳየው?»

«መቃብሩን።»

ምትኩ ወዲያ ወዲህ አለ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ፣ «እኔ እዚህ አልነበርኩም። ጉና ማዶ፣ በግ ልገዛ ሄጃለሁ። ሰማችሁ?» ብሎ ወጣ። አምስት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና፣ «ጥልቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ» አለ።

እማዬ የመጣችው ያንተን ጋቢ ይዛ ነው። አዲሱን። ለምረቃህ የፈተለችውን። እጇ ላይ ሳየው ልጮህ ምንም አልቀረኝም። በእሱ ተገነዘ። ፍትሐቱ ሲደርስ፣ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ መምሬ ድምፃቸውን ዋጡት። ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ታለቅሳለች። ሙላቴ ከመጣ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከቀብር በኋላ መምሬ ወደ ዋርካው ሥር ጠሩኝ።

«የማን ስም እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ስለምን ዝም አሉ አባቴ?»

«አንተ ስለምን ተናገርህ?»

ለእንግዳው ብዬ እንዳልል፣ ውሸት ነው፤ ያንተንም ፍትሐት ፈልጌው ነበር። ሰባት ወር የፈለግሁትን ነው በዚያች ደቂቃ የሰረቅሁት። አንድ ስም አስጠርቼ ሁለት ሰው ላስፈታ አስቤ ነበር። ይኼን ሁሉ ነገርኳቸው። መምሬ መሬቱን በመቋሚያቸው እየጫሩ አዳመጡኝ።

«እግዚአብሔር ማንን እንደፈታ እሱ ያውቃል» አሉ። «እኔ ግን ነፍስ በሹክሹክታ አልሸኝም። ያን ቀን ፈርቼ ዋጥሁት፤ በአርባው አልውጠውም። ከዚያ በፊት ለእናትህ ንገራት። አንተ ካልነገርካት ከእኔ አፍ በቤተ መቅደስ ትሰማለች፤ ያን ለታ ለእኔም ላንተም ወዮልን።»

ካድሬው አልመጣም። ከጉና በኩል መድፉ እንደገና ሲጀምር ማን ሬሳ ሊቆጥር ይመጣል? ጓድ ምትኩ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ትግርኛው እንዴት ነው?» ይለኛል። እየቀለደ ይሁን እያስፈራራ አይታወቅም። እኔ የምፈራው ግን እሱን አይደለም። የልጄን ስም ከሙታን ጋር የጠራ እሱን አያድርገኝ ያለች እናት አለችኝ። ሙት ነህ ያልኩህ እኔ ነኝ። ደግሞ ሰውዬው በጋቢህ ሲገነዝ ዝም አልኩ።

ገብስ እያበጠረች ነው፤ የሰፌዱ ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አሁን እነሣለሁ።



ቅዳሜ ነው።

ረቡዕ ያቋረጥሁትን ልጨርስልህ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ እንደማልጨርሰው ስላወቅሁ በአንድ ትንፋሽ፣ «እማዬ፣ ያን ለት ለመምሬ የነገርኳቸው ስም የይርዳው ነው» አልኳት።

ሰፌዱ ቆመ።

«የቱ ስሙ?»

«የክርስትናው።»

«ተፈታበት?»

«ተፈታበት።»

ሰፌዱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። አንድም ፍሬ አልፈሰሰም። «ሞተ ብሎ ማን ነገረህ?» አለች።

«ሙላቴ።»

«ሙላቴ ያለኝ ሲወድቅ አየሁት ነው። እኔ ከሙላቴ ሰምቻለሁ። አንተ ከማን ሰማህ?»

«እማዬ፣ ይርዳው ሞቷል።»

ይርዳው፣ ይህን ቃል በአፌ ያወጣሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። «ከቤቴ ውጣ» አለችኝ። «አንዱን ወታደር ወሰደብኝ። አንዱን አንተ ቀበርክብኝ። ምንም ልጅ የለኝም። ውጣ!»

ሁለት ቀን መምሬ ቤት ሰነበትኩ። ሁለት ቀን ጌጤ እየተመላለሰች ወሬ ታመጣልኝ ነበር። እማዬ እህል አልቀመሰችም፤ ከበሬዎቹ አንዱ ታሞ እንኳ ወጥታ አላየችውም፤ የሰው ቃል አትመልስም። «ገደልካት እኮ አንተ ልጅ» አለችኝ ጌጤ። ዓርብ ማታ ያሰብኩትን ልንገርህ? ልሂድና ውሸቴን ነው ልበላት፤ ስሙ የይርዳው አልነበረም፣ ሌላ ነበር ልበላት አሰብኩ። መምሬ ፊቴን አይተው አወቁት መሰለኝ፣ «ሁለተኛ ውሸት የመጀመሪያውን አይሽረውም» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት መጣች። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። መምሬ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እኔን እንዳላየች ሆና፣ «መምሬ፣ አርባው መቼ ነው የሚውለው?» አለች።

«ነገ፣ እሁድ።»

«ስሙን ይጠሩታል?»

«እጠራዋለሁ ብዙነሽ። አንች ካልፈቀድሽ ግን ከዚህ የሚቀጥለውን አላውቅም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።»

ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ እንዳልረሳው ደጋግሜ በልቤ እያልኩት ነው የመጣሁት።

«ያ ልጅ ሲሞት ያገኘው ስም እሱን ብቻ ነው። ከለበሰው በኋላ ልገፍፈው አልችልም፤ እሱም የእናት ልጅ ነው። ይጥሩት። ውሰት ነው ብለው ይጥሩት። ይርዳው ሲመጣ ይመልስለታል።» ቆመች። ነጠላዋን ጎተት አደረገች። «ካልመጣም...»

አልጨረሰችውም። እኔም መምሬም አልጨረስንላትም። ከግንቦት ወዲህ «ካልመጣ» የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ና እንጅ፤ ምን ይገትርሃል? ለነገ ዳቦው አልተጋገረ፣ ቆሎው አልተቆላ። ባዶ እጄን አርባ ላውል?» አለችኝ። ከኋላዋ ሄድኩ። ጠጋ ብዬ ክንዷን ያዝኳት። አልገፋችኝም። ቤት ስንደርስ ሌማቱን ከፈተች፤ ድርሻህን አውጥታ ለሁለት ቆረሰችውና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ግማሹን እሷ በላች።

ወንድሜ ይርዳው፣ በሕይወት ካለህ መጥተህ ተቆጣኝ፤ እጅህን ስለለቀቅሁትም፣ ስምህን ስለሰጠሁትም፣ ጋቢህ ሲሄድ ዝም ስላልኩም አንድ ላይ ምታኝ። ከሌለህ ግን ነገ ስምህ ሲጠራ ካንድ ሰው ጋር ትካፈለዋለህ። ጠባብ እንዳይሆንብህ። ጠይም ነው፤ የግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ብዙ ያወራል። ቋንቋችሁ እዚያ አንድ ከሆነ ስሙን ጠይቅልኝ።

እኔም የበኩሌን አደርጋለሁ። መንገዱ ሲከፈት ሽሬ እሄዳለሁ። አንተ የወደቅህበትን ሸለቆ እፈልጋለሁ፤ እዚያ አንድ የማያውቀውን ልጅ አፈር ያለበሰ ሰው ካለ እግሩን እስማለሁ። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ የቀረባት እናት ካለችም ቤት ለቤት እጠይቃለሁ። ባገኛት ውኃ እንደጠጣ እነግራታለሁ። ወደ ኋላ እንደሄድኩም እነግራታለሁ።

እጅህን የለቀቀው ታናሽ ወንድምህ
ፈንታሁን
ጋፋት፣ ጥር 19 ቀን 1982 ዓ.ም.